ስለ ፍጻሜ ዘመን መጻሕፍትና ስለ ዓመት አቈጣጠር
(በቤተ ክርስቲያናችን በ25ኛው ዓመት በዓለ ኢዮቤልዩ ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይህች ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ በአሜሪካ አገር በተከራየነው አዳራሽ ከተጀመረች እነሆ 25 ዓመት ሞላት። ከዚህ ቀን ያደረሰን እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በዚህ በዓል እንድናገር መታዘዜ ከዐቅሜ በላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን አባቶች ያዘዙትን እንቢ ማለት ድፍረት ስለ ሆነ ቀርቤአለሁ። ቃሌ ቢያጥር ወይም ቢሳሳት አርሙኝ።

የመረጥሁት ነገር ለበዓል ቀን የማይስማማ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም የዓለምን ፍጻሜ ዘመን እንገልጣለን እያሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ቀን እየቈረጡ ስለሚጻፉት መጻሕፍት ነው። እነዚህ መጻሕፍት በዚህ አገር በመጻሕፍት መደብር ብቻ ሳይሆን በአውሮፕላን ጣቢያና በገበያ አዳራሽ ይሸጣሉ፤ አብሮን የሚሠራ ሰውም ለወዳጅነት ብሎ ይሰጠናል፤ ከእኛም ቤት ብዙዎች ገብተዋል። ነገሩን ዛሬ ማንሣቴ ኢዮቤልዩ ራሱ የዓመት ቍጥር ስለ ሆነ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው ከ49 በኋላ 50ኛውን ዓመት እንዲቀድሱ ታዘዙ። ያ ዓመት በደረሰ ጊዜ ባሪያው ነጻ ይወጣል፥ በድኽነት የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የዓመት ቍጥር የሰጠው ምሕረት የሚያደርጉበትን ጊዜ እንዳይረሱ ነው።

አባቶቻችንም ቍጥር የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት የድሜጥሮስ ነው የሚባለውን ባሕረ ሐሳብ ተቀብለው፥ 5500ውን ዓመተ ዓለም ከዓመተ ምሕረቱ ጋራ ደምረው፥ ለአራት ሲገድፉ ወንጌላዊውን፥ ለሰባት ሲገድፉ ዕለቱን ያገኛሉ፤ በአበቅቴና በመጥቅዕም ነነዌ መቼ እንዲገባ፥ ዐቢይ ጾም መቼ እንዲያዝ፥ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንዲውል ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ድካም መቼ እንድንጾም፥ መቼም እንድናከብር ለማወቅ ነው። ዓለም በምን ቀን እንደሚያልፍ ግን ከባሕረ ሐሳብ ለማውጣት የተቀመጠ ቀመር የለም።

አሁን ሌላውን ቍጥር እንመልከት። ይህ ነገር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ቃሉን በሃይማኖተ አበው የምንሰማው አቡሊዲስ በ200 ዓመት ገደማ በጻፈው በትንቢተ ዳንኤል ትርጓሜ፥ በዘመኑ የሆኑ ሁለት ነገሮችን ይነግረናል። አንደኛው በሶርያ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ክርስቶስን ትቀበላላችሁ ብሎ ሕዝቡን፥ ሴቱንም ሕፃናቱንም ጭምር፥ ወደ ምድረ በዳ አወጣቸው፤ በዚያም በተራራና በመንገድ ሲንከራተቱ የአገሩ ገዢ ወንበዴዎች መስለውት ሊያስፈጃቸው ነበር፤ ያዳነቻቸውም አማኝ የነበረችው የገዢው ሚስት ናት። ሁለተኛው በጳንጦስ ነው። ትሑትና ደግ የሆነ አንድ አለቃ ሕልም አይቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ፍርድ ይሆናል አለ። ሕዝቡም እርሻውን ተወ፥ ብዙዎችም ያላቸውን ሸጡ። ዓመቱ ባለፈ ጊዜ አለቃው አፈረ፥ ሕዝቡም ተሰናከለ፤ ንብረታቸውን የሸጡት ሲለምኑ ተገኙ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ያሳቱት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የጳንጦሱ ሰው ደግ እንደ ነበረ ጸሓፊው ራሱ ይመሰክራል። ሁለተኛም፥ የጐዳቸው ምጽአቱን መጠበቃቸው ሳይሆን እርሻቸውን መተዋቸው ነው።

ከዚያ ብዙ ዘመን እንለፍና ወደዚህ አገር እንምጣ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እናገራለሁ። ዊልያም ሚለር የሚባል በኒው ዮርክ ክፍል የሚኖር ገበሬ፥ ቀድሞም ወታደር የነበረ፥ በትንቢተ ዳንኤል በምዕራፍ 8 ያለውን 2300 ቀን 2300 ዓመት ነው ብሎ ከ457 ዓመተ ዓለም፥ ማለት ከልደተ ክርስቶስ በፊት ካለው፥ ጀምሮ ቈጠረ። ከ1831 ጀምሮ እየዞረ ሰበከ፥ በ1836ም ስብከቱን በመጽሐፍ አሳተመ። መጀመሪያ ከመጋቢት 1843 እስከ መጋቢት 1844 ባለው ጊዜ ይሆናል አለ። ይህ ባለፈ ጊዜ ተከታዮቹ ቍጥሩን አቃንተው ጥቅምት 22 ቀን 1844 ነው አሉ። አንዳንዶቹም አዝመራቸውን ሳይሰበስቡ ቀሩ። ያችም ቀን መሽታ ነጋች፤ አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ታላቁ የተስፋ ማጣት ቀን ይሏታል። ሚለር ግን በቍጥሩ መሳሳቱን በቅን ልብ አምኖ በ1849 ዐረፈ።

በዚያው ዘመን በ1830ዎቹ ዓመታት ጆን ኔልሰን ዳርቢ የሚባል በአየርላንድ ካህን የነበረ ሰው አዲስ ትምህርት አስፋፋ። ይኸውም ክርስቶስ አስቀድሞ በስውር መጥቶ አማኞችን ይነጥቃል፥ ከዚያ በኋላ የመከራ ዘመን ይሆናል፥ ከዚያም በግልጥ ይመጣል የሚል ነው። በእኛ ጸሎተ ሃይማኖት ግን ጌታ ሕያዋንንና ሙታንን ሊፈርድ በክብር የሚመጣበት አንድ ምጽአት እንጂ በስውርና በግልጥ የተከፈለ የለም። የዳርቢን ትምህርት ለሕዝብ ያደረሰው በይበልጥ ሳይረስ ስኮፊልድ በ1909 ያሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስኮፊልድ ትርጓሜውን በየገጹ ግርጌ ከቅዱሱ ንባብ ጋራ አተመው። በአንድ ገጽ፥ በአንድ ጥራዝ፥ ለዐይን ቅርብ ስለ ሆነ፥ ብዙ አንባቢ ነቢዩ የተናገረውንና ስኮፊልድ የተናገረውን መለየት ተሳነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ሃል ሊንድሲ በ1970 አንድ መጽሐፍ ከረዳት ጸሓፊ ጋራ አሳተመ፤ ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ ሟቿ ታላቅ ምድር እንደ ማለት ነው። በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ከልብ ወለድ በቀር በአሜሪካ ከወጡት መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የተሸጠ ይህ ነው ተብሎ ተመስክሮለታል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በአንድ እጅ ነቢያትን፥ በሌላ እጅ ጋዜጣ ይዞ ያስተያያል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ያለችው በለስ በ1948 የቆመችው የእስራኤል መንግሥት ናት፤ ትውልድም 40 ዓመት ገደማ ነው፤ እንግዲህ ሁሉ በዚያ ጊዜ ሊፈጸም ይችላል ይላል። የአውሬው ዐሥር ቀንዶች በአውሮፓ የሚነሣ የዐሥር መንግሥታት ኅብረት ናቸው፤ ጎግም ሩሲያ ናት ይላል። በ1981 ግሪክ በገባች ጊዜ የአውሮፓ ማኅበር በእውነት ዐሥር ሆነ፤ አንባቢዎችም ደነገጡ። በ1986 ግን ዐሥራ ሁለት ሆነ፤ ዛሬ ሃያ ሰባት ነው። ሶቪየት ኅብረትም በ1991 ፈረሰ።

ይህ መጽሐፍ እኛንም ይነካል። በትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 38 ከጎግ ጋራ ከሚሰለፉት መካከል ኢትዮጵያ ተብላ በመጽሐፋችን የተጻፈች አገር አለች። ሊንድሲ ይህን ስም የጥቍር አፍሪቃ አገሮች ማለት ነው ብሎ፥ እነዚህ አገሮች ከሩሲያ ጋራ እንደሚዘምቱ አስተማረ። በ1966 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር አብዮት ፈንድቶ፥ ኋላም ደርግ ከሶቪየት ጋራ በተወዳጀ ጊዜ፥ መጽሐፉን የያዘ ሰው ትንቢቱ ተፈጸመ ቢል አይፈረድበትም ነበር። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ በዚያው የፈረንጅ ዓመት ማለቂያም ሶቪየት ራሷ ፈረሰች። በዕብራይስጡ ያለው ቃል ኩሽ ነው፤ ይህም በጥንት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር ነው። ያንኑ ስም በእኛ መዝሙር ቍጥር በ67ኛው መዝሙር ደግሞ እናገኘዋለን፤ በዚያ ኢትዮጵያ የምትዘረጋው እጅ የጸሎት ነው። አንዱን ቍጥር ይዞ ሌላውን የተወ ሰው አንድ ሕዝብ በሞላ ከጠላት ሰፈር ሊጽፍ እንደሚችል ከዚህ ተማሩ።

ከሊንድሲ በኋላ ኤድጋር ዊዝናንት የሚባል መሐንዲስ የነበረ ሰው፥ ንጥቀት በ1988 የሚሆንበት 88 ምክንያት ብሎ ጻፈ። ቀኑንም በመስከረም በአይሁድ የዓመት መባቻ በዓል ቈረጠ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ፥ ለሰባኪዎችም 300,000 ያህል በነጻ ተላከ። ቀኑ ባለፈ ጊዜ አንድ ዓመት ተሳስቻለሁ ብሎ ስለ 1989 ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ሃሮልድ ካምፒንግም በ1992 ስለ 1994 ጻፈ፤ ያ ሲያልፍ በራዲዮና በየመንገዱ በተሰቀለ ማስታወቂያ ግንቦት 21 ቀን 2011 ብሎ አወጀ፤ ያም ሲያልፍ ወደ ጥቅምት 21 አሻገረው። በ2012 ግን ስሕተቱንና ኀጢአቱን በደብዳቤ አመነ፤ ይህም እንደ ሚለር ሊመሰገንበት ይገባል። ቀን ያልቈረጡ ደግሞ አሉ፤ ቲም ላሄይና ጄሪ ጄንኪንስ ከ1995 እስከ 2007 ወደ ኋላ የቀሩት ብለው በ16 ጥራዝ የጻፉት ልብ ወለድ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ልብ ወለድ መሆኑ ባይሰወርም ብዙ ሰው የፍጻሜን ትምህርት ከወንጌል አስቀድሞ የተማረው ከእርሱ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ፈረንጆቹን ነቅፈን ራሳችንን አናመጻድቅ። እኛም ከዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። ክፉ ነገር በሰማን ቍጥር ስምንተኛው ሺ ገባ እንላለን። እስቲ እንቍጠረው፤ 5500 ላይ 1500 ቢደመር 7000 ይሆናል፤ እንግዲህ ስምንተኛው ሺ የገባው 1500 ዓ.ም. ባለቀ ጊዜ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት አለፍ ብሎ፥ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ ንጉሡ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ድል ሆነ፥ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። ያን ዘመን ያየ ሰው ፍጻሜው ደረሰ ቢል ማን ይፈርድበታል? ከዚያ ወዲህ ግን አምስት መቶ ዓመት የሚያህል ዘመን አልፎ፥ ካህናት ሲቀድሱ፥ እናቶች ክርስትና ሲያስነሡ፥ ገበሬ ሲያርስ ኖሯል።

ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለውም መጽሐፍ ከመከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላም እንደሚሆን ስለሚናገር፥ የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ስሙን ቴዎድሮስ አለ። ንጉሡ አገሩን አንድ ለማድረግ የደከመ ታላቅ ሰው መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ዘመኑ የጦር ዘመን ሆኖ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተፈጸመ። ስሙን ከትንቢት ወስዶ የነገሠ ሰው እንኳ የትንቢቱን ሰላም በእጁ ሊያመጣው አልቻለም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት በዚህ ጉባኤ መካከል አንድ ወንድም ነበረን። ሌሊት እየሠራ ቀን ልጁን የሚያስተምር ትጉህ ሰው ነበር። ቀን የሚቈርጥ መጽሐፍ በእጁ ገብቶ፥ ለእርጅናው ያከማቸውን ገንዘብ አውጥቶ እኵሌታውን ለማያውቃቸው ሰባኪዎች ሰጠ፤ ልጁም ለከፍተኛ ትምህርት ተቀባይነት አግኝታ ሳለ ለምን ይጠቅማታል ብሎ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ሳይከፍል ቀረ። ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉን ይዞ ወደ እኔ መጣና፥ «ጋሼ፥ እስቲ አብረን እንየው» አለኝ። እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው፥ ገጹን እንኳ ሳልገልጥ፥ ቡና በምንጠጣበት በሰው ፊት፥ «ስምንተኛው ሺ በአንተ ገባ በለኛ!» ብዬ ሣቅሁ፤ የነበሩትም ሣቁ። እርሱ መጽሐፉን በኮቱ ውስጥ ሸሸገና ወጣ።

ቀኑ አለፈ፤ እርሱም ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። አባታችን ግን በስልክ ፈልገው አገኙት። ምን እንዳሉት ኋላ ጠየቅኋቸው። ስለ መጽሐፉ አንዲት ቃል አላነሡበትም፤ «ልጅህ ትምህርቷን እንዴት አደረገች?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም አለቀሰ። ልጂቱ በሚከተለው ዓመት ገባች። እርሱ ግን ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እኔም ይቅርታ ጠይቄ ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁላችን እንመካበታለን። እርሱ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስም ያነበበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ጃንደረባውም የሚመራኝ ከሌለ እንዴት አድርጌ ብሎ መለሰ፥ ከእርሱም ጋራ እንዲቀመጥ ለመነው። ያ ወንድማችን የጃንደረባውን ልመና ለመነኝ፤ እኔ ግን በሠረገላው ልወጣ ሲገባኝ ከመንገድ ዳር ቆሜ ሣቅሁበት። መጽሐፉ ገንዘቡን ወሰደበት፤ ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣው ግን የእኔ ሣቅ ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ መጽሐፍ በእጃችን ቢገባ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፥ ቀን ቢቈርጥ ወይም ከዓመት ስሌት ወደ ቀን የሚገፋፋ ቢሆን፥ ጌታችን በማቴዎስ 24 ያችን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1ም ዘመኑን ማወቅ ለሐዋርያት እንኳ እንዳልተሰጠ የተናገረውን እናስብ። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄ ሰዎች ከእርሱ የተላከ በሚመስል መልእክት ስለ ጌታ ቀን እንዳይናወጡ ጻፈላቸው፤ በዚያው መልእክት ፍጻሜ ደግሞ ሥራቸውን ትተው የሚዞሩትን እንዲሠሩ አዘዘ። ሁለቱ ትእዛዝ በአንድ መልእክት መገኘቱ በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ንባብና ትርጓሜ እንለይ። የእኛ ሊቃውንት አንዱን ቃል ሲተረጕሙ አንድም ይላሉ፤ ያን ትርጓሜ ከፈጸሙ በኋላ ሌላውን ደግሞ አንድም ብለው ያመጣሉ። በዚህች በአጭር ቃል ውስጥ ትልቅ ትሕትና አለ፤ የእግዚአብሔር ቃል ከአንድ ሰው ግምት እንደሚሰፋ ትመሰክራለች። ቀን የሚቈርጠው መጽሐፍ ግን አንድም አያውቅም። ዐሥሩ ቀንድ ይህ ነው፥ በለሲቱ ይህች ናት ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ነገሩ ሳይሆን ሲቀርም በሩን ከፍቶ በሌላ እትም ይመጣል። ጆን ዎልቮርድ የተባለው ታዋቂ መምህር በ1974 ስለ አርማጌዶንና ስለ ነዳጅ ዘይት ያሳተመው መጽሐፍ በ1990 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲቃረብ ታርሞ እንደ ገና ወጥቶ በብዙ ተሸጧል። ጋዜጣው ሲለወጥ የሚለወጥ ትርጓሜ መሠረቱ ጋዜጣው እንጂ ነቢዩ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ካነበብነው በኋላ ወደ ምን እንደሚመራን እንመልከት። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 24 ስለ ፍጻሜ ከተናገረ በኋላ በምዕራፍ 25 ስለ ዐሥሩ ደናግል መብራት፥ ስለ መክሊቱ፥ የተራበ ስለ ማብላትና የታሰረ ስለ መጠየቅ ተናገረ። የፍጻሜን ነገር ሰምቶ ዘይት የሚገዛ፥ መክሊቱን የሚያተርፍ፥ የታመመ የሚጠይቅ ሰው በደኅና ሰምቷል። ሰምቶ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀር፥ ጎረቤቱን ከጎግ ሠራዊት የሚቈጥር ሰው ግን ሌላ ድምፅ ሰምቷል።

በሌላ በኩል ደግሞ በዘባቾች ማኅበር እንዳንቈጠር እንጠንቀቅ። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ፥ የመምጣቱ ተስፋ ወዴት ነው እያሉ ስለሚዘብቱት ጽፏል፤ ጌታ የሚታገሥም ሰው ሁሉ ለንስሓ እንዲደርስ መሆኑን ገልጧል። ሐሰተኛ ቀን ስላለፈ እውነተኛው ቀን አይቀርም። እነዚያን መጻሕፍት የሚገዙ ሰዎች የሚራቡት እውነተኛ ረኃብ ነው፤ ጦርነትንና በሽታን አይተው ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃሉ። እኛ ከዐውደ ምሕረት ስለ ምጽአት ካላስተማርናቸው ከአውሮፕላን ጣቢያ ገዝተው ይማራሉ። ስለዚህ አባቶቻችን ካህናት በደብረ ዘይት እሑድ ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ ደጋግመው ስለዚህ ነገር እንዲያስተምሩን፥ መጽሐፍ ይዞ የሚመጣውንም በትዕግሥት እንዲያነጋግሩት በትሕትና እለምናለሁ። ምእመናንም ጥያቄያችሁን በኮታችሁ ውስጥ አትሸሽጉ።

ነገሬን ልፈጽም። ይህች ቤተ ክርስቲያን የራሷን ቤት በገዛች ጊዜ የ30 ዓመት ዕዳ ፈርመናል። በዚያችው እሑድ ደግሞ በቅዳሴ የጌታን መምጣት ተስፋ አድርገን ጸልየናል። አንድ ወጣት ያን ጊዜ፥ ጌታ ይመጣል ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ስለ ምን ለ30 ዓመት ትፈርማላችሁ ብሎ ጠይቆኝ መልስ አጥቼ ነበር። አሁን እንዲህ ብዬ እመልስለታለሁ፦ ልጄ፥ የፈረምነው ሲመጣ ሥራ ፈትተን እንዳያገኘን ነው። ነገ ቢመጣ ዕዳውን እየከፈልን፥ ሕፃናትን ፊደል እያስቈጠርን፥ ድኻውን እየተቀበልን ያግኘን፤ ቢዘገይም ልጆቻችን የ50ኛውን ዓመት ኢዮቤልዩ በዚሁ ቤት ያክብሩ።

በእነዚህ 25 ዓመታት ያንቀላፉትን አባቶችና እናቶች ነፍሳቸውን በአብርሃም፥ በይስሐቅ፥ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። የራቁትን ይመልስልን፤ ይልቁንም ያን ወንድሜን። ይህን ቃል በዚህ መጽሔት ታትሞ ቢያነበው፥ በሩ ክፍት መሆኑን፥ መጽሐፉንም አብሬው ላየው ዝግጁ መሆኔን ይወቅልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።